የተወጋ ትከሻ ካሣ

ላይኛው ክንድ ላይ የሚሰጥ የክትባት መርፌ መድረስ ያለበት ከትከሻ ጫፍ አጥንት ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ካለው ወፍራም ጡንቻ ውስጥ ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ ከተሰካ፣ በተለይ ተከታቢው ከሲታ ከሆነ፣ መርፌው ጡንቻውን ስቶ በአጥንቱና በጅማቶቹ መካከል ወዳለችው ፈሳሽ የቋጠረች ስስ ከረጢት ሊገባ ይችላል። ክትባት የሚሠራው የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ነውና ቦታውን ሲስት የሚቀሰቅሰው ቁጣ በመገጣጠሚያው ላይ ይወርዳል። ከክትባት በኋላ ክንድን ሁለት ሦስት ቀን ማመም የተለመደ ነው፤ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ይህኛው ሕመም ግን በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ይጀምርና ለወራት ይቆያል። ሰውየው ፀጉሩን ለማበጠር፣ ልብሱን ለማጥለቅ፣ እጁን ወደ ጀርባው ለመመለስ ይቸገራል፤ አንዳንዱም ትከሻው ደርቆ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካውያን ሐኪሞች በዚህ መንገድ የተጎዱ 13 ሰዎችን ታሪክ መርምረው አሳተሙ። በ2017 ደግሞ የአገሪቱ መንግሥት ጉዳቱን በክትባት ካሣ ሰንጠረዡ ላይ አሰፈረው። እዚያ ካሣ ከሚጠይቁት መካከል ብዙዎቹ የኢንፍሉዌንዛ፣ ማለትም የብርቱ ጉንፋን፣ ክትባት የወሰዱ ናቸው። በየዓመቱ በብዛት የሚወጋው እሱ ስለሆነ ነው እንጂ ፈሳሹ ከሌላው የባሰ ስለሆነ አይደለም።

በኢትዮጵያ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ የለም። ስለዚህ ጉዳዩ በምዕራብ ጎንደር ቆላ ለሚኖር ለመተማ ሰው ምኑ ነው ተብሎ ቢጠየቅ አያስገርምም። ነገር ግን ጥፋቱ ያለው መርፌው ባረፈበት ቦታ ላይ ነው፤ ቦታ ደግሞ በማንኛውም መርፌ ሊሳት ይችላል። እናቶች የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የሚወስዱት በክንዳቸው ነው። ከመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰጠው የኮቪድ ክትባትም እንዲሁ ነበር። ክትባት ባይሆንም ብዙ ሴቶች የሚወስዱት የሦስት ወር መርፌ ክንድ ላይ ሊሰጥ ይችላል። ድንበር ለሚሻገረው ደግሞ ቢጫ ካርድ የሚያስገኘው የቢጫ ወባ ክትባት አለ። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው። ይህን ደጋግሞ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የዚህ ምዕራፍ ክርክር በክትባት ላይ የቀረበ ክስ አይደለም። ለሕዝብ ጤና ሲባል ክንዱን የሰጠ ሰው በዚያው ክንዱ ከተጎዳ ኪሳራውን ብቻውን መሸከም የለበትም ነው የምለው። ለዚህ የሚያስፈልገው መርሕ በሕጋችን ውስጥ ከስድሳ ዓመት በላይ ኖሯል፤ የጎደለው ሰው ወደ መርሑ የሚደርስበት መንገድ ነው።

ትከሻ በምዕራብ ጎንደር ቆላ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለማወቅ ሰሊጥ ሲደርስ ማሰብ ይበቃል። ሰሊጥ አይታገስም። ፍሬው በስሎ ሽፋኑ ከተከፈተ እህሉ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ አዝመራው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መታጨድ አለበት። ከደጋው ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ የሚወርደው ሠራተኛ የዓመት ተስፋው በእነዚያ ሳምንታት ላይ ነው። ጎንበስ ብሎ ያጭዳል፣ ያስራል፣ ነዶውን አቁሞ ያደርቃል፣ ሲደርቅም ብድግ አድርጎ ገልብጦ ሸራ ላይ ያራግፋል። በዚህ ሥራ ውስጥ ክንድ የማይነሳበት ቀን የለም። ቢሮ የሚውል ሰው ትከሻውን ሁለት ወር ቢያመው ደመወዙ አይቀነስበትም። በጥቅምት ክንዱን ማንሳት ያቃተው አጫጅ ግን ቤቱ የሚመለሰው ባዶ እጁን ነው፤ ሕመሙ በኅዳር ቢለቀውም ያለፈው አልፏል። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ የውጭ አገር ሕግ ስንዋስ የሚያሰናክለን እሱ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በተለምዶ የሚታሰበው ሐኪም ወይም ነርስ የሚጠየቁት ግልጽ ጥፋት ሲፈጽሙ ብቻ እንደሆነ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ክፍል በእርግጥ እንዲህ ይላል። በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ይክሳል፤ በአንቀጽ 2031 ደግሞ ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት፣ ከደንቡ በወጣ ጊዜ ይጠየቃል። ጥቂት ወረድ ሲል ግን ብዙ ሰው ልብ ያላለው አንቀጽ 2067 አለ። በድርጊቱ በሌላው አካል ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ምንም ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ነጻ የሚወጣው ድርጊቱን ሕግ ያዘዘው ከሆነ፣ ራሱን ለመከላከል በሕግ አግባብ ያደረገው ከሆነ፣ ወይም ጉዳቱ የመጣው በተጎጂው በራሱ ጥፋት ብቻ ከሆነ ነው። ከዚህ ጋር አንቀጽ 2126 ሲነበብ፣ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ላጠፋው ጥፋት ተጎጂው መንግሥትንም ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከብዙ ሀብታም አገሮች ሕግ የማይተናነስ ነው።

ተከራካሪ ጠበቃ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያነሳል። አንደኛው፣ የክትባት ዘመቻ በመንግሥት የታዘዘ ስለሆነ ሕግ ካዘዘው ተግባር ይቆጠራል የሚል ነው። ይህ አያሳምነኝም። ዘመቻ ማወጅና መርፌን ከትከሻ አጥንት ሥር መሰካት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የጤና ቢሮ ያዘዘው ክትባት እንዲሰጥ እንጂ ከቦታው ውጭ እንዲወጋ አይደለም። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። የሕክምና ሥራ የራሱ ልዩ ድንጋጌ ስላለው ዳኛው ከ2067 ይልቅ ወደ 2031 ያዘነብላል፣ ጥፋት አስረዳ ይላል የሚል ነው። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን በአንቀጽ 2031 ብንሄድም የመርፌው ቦታ ማንም ባለሙያ የማይከራከርበት ሕግ ነው፤ ከፍ አድርጎ መውጋት ከደንብ መውጣት ነው። ስለዚህ ተጎጂው በየትኛውም በር ቢገባ መብት አለው።

መብቱ የሚያልቀው በማስረጃው ላይ ነው። በአንቀጽ 2141 መሠረት የማስረዳት ሸክሙ የከሳሹ ነው። ከሳሹ ትከሻው መጎዳቱን ብቻ ሳይሆን የጎዳው ያ መርፌ መሆኑንም ማሳየት አለበት። ትከሻ ደግሞ በብዙ ምክንያት ይታመማል፤ በሸክም፣ በዕድሜ፣ በስኳር በሽታ። ለአጫጅማ ምክንያቱ ሞልቷል። ልዩነቱን የሚለይ ሐኪምና ምስል የሚያነሳ መሣሪያ ለማግኘት ወደ ጎንደር መውጣት ሊኖርበት ነው፤ ከመተማ ዮሐንስ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ያውም መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን። በዚህ ላይ ሠራተኛው ወደ ደንቢያ ወይም ወደ ጎጃም ከተመለሰ ክሱን የሚያቀርበው ወይ ጉዳቱ በደረሰበት ወይ ተከሳሹ ባለበት ቦታ ነውና እንደገና ቆላ መውረድ አለበት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ በሕጋችን ግን የተወጋውም እንዲያስታውስ የተፈቀደለት ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ አንቀጽ 2143 ከዚያ በኋላ በይርጋ ይዘጋበታል። ይህን ሁሉ አልፎ ቢረታ፣ ያጣውን ገቢ ፍርድ ቤቱ አስልቶ ሊሰጠው ይችላል። ለሕመሙና ለስቃዩ የሚሰጠው የሕሊና ካሣ ግን በአንቀጽ 2116 ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሕጉ ሲወጣ አንድ ሺህ ብር አራት መቶ ዶላር ያህል ነበር፤ ዛሬ አሥር ዶላር አይሞላም። የጎንደር የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና የአንድ ሌሊት አልጋ ተከፍሎበት ምን እንደሚተርፍ አንባቢ ያስላው።

አሜሪካኖች ይህን ችግር ከእኛ ቀድመው አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የክትባት አምራቾች በክስ ብዛት ገበያውን ጥለው መውጣት ሲጀምሩ፣ ምክር ቤቱ በ1986 ሕግ አውጥቶ ከ1988 ጀምሮ የሚሠራ ልዩ የካሣ ሥርዓት አቋቋመ። ገንዘቡ የሚመጣው በየዶዙ ላይ፣ ክትባቱ ለሚከላከለው ለእያንዳንዱ በሽታ ከሚሰበሰብ 75 ሳንቲም ቀረጥ ነው። የሥርዓቱ ልብ ግን ገንዘቡ አይደለም፣ ሰንጠረዡ ነው። በሰንጠረዡ ላይ ክትባቱ፣ ጉዳቱና ጊዜው ተጽፈዋል። ከክትባቱ በፊት የትከሻ ሕመም ያልነበረው ሰው፣ ሕመሙ በተወጋው ክንድ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ከጀመረ፣ ሌላ ምክንያትም ካልታየ፣ ያደረሰው መርፌው ነው ተብሎ ይገመታል። አይደለም የሚል መንግሥት እሱ ያስረዳ። ጥፋተኛ አይፈለግም፣ የነርሷ ስምም አይነሳም። የጠበቃው ክፍያ እንኳ አመልካቹ በቅን ልቦናና በበቂ ምክንያት እስከጠየቀ ድረስ ቢሸነፍም ከዚያው ፈንድ ይሸፈናል። በዋሽንግተንና በአካባቢው በሆስፒታልና በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚሠሩ ወገኖቻችን በየመኸሩ የጉንፋን መርፌ እንዲወስዱ አሠሪዎቻቸው ይጠይቋቸዋል፤ ይህ በር ለእነሱም ክፍት ነው፣ ማመልከቻው በሦስት ዓመት ውስጥ ይቅረብ እንጂ።

ይህን ሥርዓት እንዳለ አምጥተን መተማ ላይ ብንተክለው ግን አይጸድቅም። የአሜሪካው ሕግ ጉዳቱ ከስድስት ወር በላይ እንዲቆይ፣ አለዚያም ሆስፒታል አስተኝቶ ቀዶ ሕክምና እንዲያስፈልገው ይጠይቃል። ቀላሉን ከከባዱ ለመለየት የገባ ገደብ ነው፣ ለሚገባውም አገር ይገባል። የእኛ አጫጅ ግን ዓመቱን የሚያጣው በስድስት ሳምንት ነው፤ በስድስተኛው ወር ትከሻው ድኖ ሊሆን ይችላል፣ የሰሊጡ ደመወዝ ግን አይመለስም። ይኸው ችግር ወደ ደጃችን በመጣው ሥርዓትም ላይ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮቪድ ክትባት ማዳረሻ በኩል ክትባት ለተሰጣቸው 92 አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ያለ ጥፋት ካሣ የሚከፍል ፕሮግራም ከፍቶ ነበር። በታሪክ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የክትባት ካሣ ስለነበር መናቅ አይገባውም፤ ተጎጂውን ከአምራች ኩባንያ ጋር ከመከራከር አድኖታል። ሆኖም በሩ የተከፈተው በዋናነት ለሞተና ዘላቂ የአካል ጉዳት ለደረሰበት ነበር፤ ማመልከቻው በኢንተርኔት ከሐኪም ማስረጃ ጋር ይቀርብ ነበር፤ የገንዘቡ ልክም የሚሰላው ከየአገሩ የነፍስ ወከፍ ገቢ ተነስቶ ነበር። በዚህ ስሌት የድሃ አገር ሰው ትከሻ ዋጋው ያንሳል። ለወቅት ሠራተኛ ትከሻ ደግሞ ቦታም አልተዘጋጀለትም። ስለዚህ የምንዋሰው ግምቱን፣ ማለትም የማስረዳት ሸክሙን ማዞሩን፣ እንጂ ገደቡን መሆን የለበትም። ለቆላው የሚስማማው ገደብ የጠፋ የሥራ ወቅት ነው።

ድሃ አገር ይህን ይችላል ወይ የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል፤ በመተማ ደግሞ ተጨማሪ ክብደት አለው። ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ካላዛር ለተባለው ገዳይ በሽታ ተጋላጭ ነው፤ የታመመው ለ17 ቀናት በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ እየተወጋ ይታከማል። ሰው በካላዛርና በወባ በሚሞትበት ምድር ስለ ትከሻ ሕመም ካሣ ማውራት ቅንጦት አይመስልም? ይመስላል፤ ግን ሁለቱ የሚሻሙት አንድ ገንዘብ አይደለም። ክትባት የሚገዛው በአብዛኛው ጋቪ በተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ጥምረትና በሌሎች አጋሮች ድጋፍ ነው። ድጋፉ የመርፌውን፣ የማቀዝቀዣውንና የማጓጓዣውን ወጪ ያሰላል፤ በእያንዳንዱ ዶዝ ላይ ለካሣ የምትሆን ጥቂት ሳንቲም መጨመር ከእነዚህ የተለየ ወጪ አይደለም። ጉዳቱ ብርቅ መሆኑም እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ብርቅ የሆነ ነገር ፈንድ አያራቁትም። መርሑም ለእኛ እንግዳ አይደለም። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። የ2005 ዓ.ም. የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅም ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ እንኳ ተጎጂው ከፈንድ እንዲካስ ፈቅዷል። ያልታወቀ ሹፌር ለገጨው ሰው የሚከፍል አገር፣ ራሱ ና ተከተብ ብሎ ለጠራው ሰው አልችልም ቢል ምክንያቱ ድህነት አይመስለኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጤና ባለሙያዎች የሚመጣ ነው፤ ካሣ አለ ማለት ጉዳት አለ ማለት ነው፣ ሕዝቡ ከክትባት ይሸሻል ይላሉ። ስጋቱን አከብራለሁ፤ በኮቪድ ጊዜ ወሬ ምን እንደሠራ ሁሉም አይቷል። ነገር ግን በገጠር ወሬ የሚያድገው በዝምታ ላይ ነው። ክንዱን ማንሳት ያቃተውን ሰው ጎረቤቱ ያየዋል፤ ጤና ጣቢያው ዝም ቢል ምክንያቱን ጎረቤቱ ራሱ ይሰጠዋል፣ የሚሰጠውም ክትባቱ መርዝ ነው የሚል ይሆናል። መርፌው ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ነው፣ በሕክምና ሊሻልህ ይችላል፣ የጠፋብህም ቀን ይከፈልሃል የሚል መልስ ያለው ጤና ጣቢያ ግን ወሬውን ከሥሩ ይነቅለዋል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1961፣ እንግሊዝ ከ1979 ጀምሮ የክትባት ካሣ ሕግ አላቸው፤ ደቡብ አፍሪካም በ2021 ለኮቪድ ክትባት የራሷን ፈንድ አቋቁማለች። እነዚህ መንግሥታት ካሣውን ያወጁት ከክትባቱ ጋር እንጂ ከክትባቱ በተቃራኒ አይደለም።

ነርሷ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትፈራለች የሚለውስ? እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ዛሬ ባለው ሕግ ተጎጂው ገንዘብ ለማግኘት ሲል እሷ ማጥፋቷን ለማሳየት ይገደዳል፤ መንግሥት ቢከፍል እንኳ በ2126 መሠረት ከእሷ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ከቀበሌ ቀበሌ በእግሯ ሄዳ፣ በአርባ ዲግሪ ሙቀት፣ ሰልፍ ይዞ የሚጠብቃትን ሕዝብ ስትከትብ የዋለች ሴት ቆማ የተቀመጠን ሰው ብትወጋ መርፌዋ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ወጊውም ተወጊውም ቁጭ ይበሉ፣ ትከሻው ሙሉ በሙሉ ይገለጥ። ይህን የምትማረው ጉዳቱ ሲመዘገብ ነው፤ የሚመዘገበው ደግሞ መመዝገቡ እሷን የማያስቀጣ ሲሆን ነው። ሆን ብሎ ወይም በከፋ ቸልተኝነት የጎዳ ባለሙያ በወንጀልና በሙያ ሥነ ምግባር መጠየቁ አይቀርለትም፤ ካሣው የሚነጠለው ከዚህ ነው።

የሐሰት ጥያቄ ይበዛል ለሚለው መልሱ ካርድ ነው፣ እኔም ከሁሉ ይልቅ የምተማመነው በእሱ ነው። የአርባ ስምንት ሰዓቱ ግምት የሚሠራው ቀኑና የተወጋው ክንድ ከታወቁ ብቻ ነው። ግራ ክንዱን የተወጋ ሰው የቀኝ ትከሻው ቢያመው ሰንጠረዡ አያነሳውም፤ በነሐሴ የተከተበ ሰው በኅዳር የጀመረውን ሕመም ቢያመጣም አይረዳውም። እንግዲህ ለዐዋቂ የሚሰጥ እያንዳንዱ መርፌ ቀኑ፣ የክትባቱ ዓይነትና ክንዱ፣ ቀኝ ወይም ግራ፣ ተጽፎ በተከታቢው እጅ መግባት አለበት። ዐዋቂ ካርድ አይዝም፣ ይጥለዋል ይባላል። ቢጫ ካርዱን ግን አይጥልም፤ በኬላ የሚጠይቀው ሰው አለና። ካርድ ገንዘብ የሚያስገኝ ከሆነም አይጣልም። ምርመራውን በተመለከተ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ያስተምራል፣ ሆስፒታሉም ያክማል። ከዚያ የወጣ አንድ ባለሙያ በመተማ ሆስፒታል ቢመደብ ክንዱ የት ድረስ እንደሚነሳ ለክቶ መጻፍ ይችላል፤ ለስድስት ሳምንት ደመወዝ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ መጠየቅ ማስረጃውን ከካሣው ውድ ማድረግ ነው።

ክፍያው በቆላው የቀን ሥራ ዋጋ ተሰልቶ፣ ሠራተኛው ወደ አገሩ ቢመለስም በሚኖርበት ወረዳ ሊደርሰው ይገባል፤ ሁለተኛ ጉዞ የሚጠይቅ ካሣ ከዛሬው ክስ አይሻልም። አንድ የቀረ ከባድ ጥያቄ አለ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግረዋል፤ ኩመርና አውላላ መጠለያዎችም ተከፍተው ነበር። እነሱንም የሚከትበው ያው ጤና ቢሮ፣ ያው መርፌ ነው። ፈንዱ የቀበሌ መታወቂያ ከጠየቀ እነሱ ከውጭ ይቀራሉ፤ መታወቂያቸውን ከሌላ ወረዳ ያወጡት የደጋ ሠራተኞችም እንዲሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2067 ስለተጎጂው ዜግነት የሚለው ነገር የለም። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ አመልካቹን በመጀመሪያ የሚጠይቁት መርፌው የት እንደተወጋ እንጂ ሰውየው የየት አገር ሰው እንደሆነ አይደለም።